መዥገር የሚሸከማቸውን ባክቴሪያዎች ለመለየት የትኛውን የዲ.ኤን.ኤ. ማንበቢያ መሣሪያ መምረጥ ይገባል?

ለተከበራችሁ የክልልና የዞን አስተዳዳሪዎች፥ ለወረዳ ሹማምንት፥ እንዲሁም ለባለ ይዞታዎችና ለባለ ከብቶች ሁሉ።

መዥገር ምን እንደ ሆነ ለእናንተ ማስረዳት ለገበሬ ስለ ሞፈር እንደ መንገር ይቈጠራል። ዝናም ሲጥልና ሣሩ ሲለመልም በላሚቱ ጆሮ ሥር፥ በጡቷና በጭራዋ ግርጌ ተጣብቆ ደም ሲመጥ ያላየ የከብት ጌታ የለም። ወተት እንደሚያጐድል፥ ከብትን እንደሚያከሳ፥ ቆዳንም እየበሳ ዋጋውን እንደሚያወርድ የታወቀ ነው። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ጕዳት በዐይን የማይታየው ነው። መዥገሩ ደም በሚመጥበት ጊዜ በውስጡ የያዛቸውን ረቂቅ ነፍሳት በምራቁ አማካይነት ወደ ከብቱ፥ አንዳንድ ጊዜም ወደ ሰው ያስተላልፋል። ከእነዚህም ረቂቅ ነፍሳት መካከል ባክቴሪያ የሚባሉት አሉ፤ የዚህም ጽሑፍ ነገር ስለ እነርሱ ነው።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ «ዲ.ኤን.ኤ. የሚያነብ መሣሪያ» የሚለው ስም ከሊቃውንት አልፎ ወደ መሥሪያ ቤቶች ደርሷል። በጀት የሚይዙ ሹማምንትም «ከመሣሪያዎቹ ሁሉ የሚበልጠው የትኛው ነው?» እያሉ ይጠይቃሉ። ጥያቄው የመልካም አሳብ ጥያቄ ቢሆንም ጐዶሎ ነው። ከማረሻና ከማጭድ የትኛው ይበልጣል ተብሎ የተጠየቀ ገበሬ፥ «ልታርስ ነው ወይስ ልታጭድ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እንደዚሁም የዲ.ኤን.ኤ. ማንበቢያ መሣሪያ የሚመረጠው በስሙ ወይም በአዲስነቱ ሳይሆን፥ ልናውቀው በምንፈልገው ነገርና በእጃችን ባለው መዥገር ጠባይ ነው። ይህ ሳይታሰብ የወጣ ገንዘብ እንደ ጠፋ ይቈጠራል። ከገንዘቡ መጥፋት ይልቅ ግን የሚያሳስበው፥ የተሳሳተ ንባብ የተሳሳተ ትእዛዝ ማስከተሉ ነው።

1ኛ፤ ነገሩ የገጠር ብቻ ስላለመሆኑ

ይህ ነገር የገጠር ጕዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር በበዓል ዋዜማ ወደ ቂርቆስና ወደ ካዛንቺስ ይምጣ። ለፋሲካና ለእንቍጣጣሽ በየደጁ በግ ታስሮ ይታያል፤ ጎረቤትም ተሰባስቦ ለቅርጫ በሬ ይገዛል። በቂርቆስ አጠገብ ወዳለው ወደ ቄራ የሚወሰዱትም ከብቶች ከቦረና፥ ከሐረርጌ፥ ከጅማ፥ ከወለጋና ከሌላውም አገር በጭነት መኪና የመጡ ናቸው። ከብቱ ሲመጣ መዥገሩም አብሮ ይመጣል።

እኔ ራሴ በሠፈሬ በቂርቆስ አንድ ሕፃን ከታሰረ በግ ጆሮ መዥገር ነቅሎ በሁለት ጥፍሩ መካከል ሲያፈርጠው አይቼ ተቈጥቼዋለሁ። እጁንም በሳሙና አሳጠብሁት። ልጁ ግን «ጋሼ፥ መዥገር እኮ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ትልልቆቻችንም ቢሆን የምናስበው እንደዚሁ ነው።

በዚህ ላይ ሹማምንት ሊያስተውሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። በካዛንቺስ ደጃፍ ከተገኘ በግ ላይ የተነቀለ መዥገር የሚመሰክረው ስለ ካዛንቺስ አይደለም፤ ከብቱ ስለ መጣበት አገርና ስላለፈባቸው ገበያዎች ነው። ስለዚህ የከብቱ መነሻ ካልተጻፈ፥ መዥገሩ በየትኛውም መሣሪያ ቢነበብ የትኛው ወረዳ እንደ ታመመ ለማወቅ አይቻልም።

2ኛ፤ በመዥገር ውስጥ ማን ይኖራል?

በአገራችን ከብት ላይ ከሚገኙት መዥገሮች አምብሊዮማ የሚባለው ባለ ቀለምና ረዥም አፍ ያለው ወገን፥ ሪፒሴፋለስ የሚባለው ወገን፥ ሃያሎማ የሚባለውም ወገን በሰፊው የታወቁ ናቸው። በእነዚህ ውስጥ የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች በሦስት ክፍል ማስቀመጥ ይቻላል።

የመጀመሪያዎቹ ከብትን የሚጐዱ ናቸው። አናፕላዝማ ማርጂናሌ የሚባለው የከብትን ቀይ የደም ሕዋስ እያስጠፋ ያገረጣዋል። ኤርሊኪያ ሩሚናንቲየም የሚባለው በአምብሊዮማ መዥገር የሚተላለፍ ሲሆን፥ በልብ ዙሪያ ውኃ እንዲቋጥር የሚያደርገውን በሽታ ያመጣል።

ሁለተኞቹ ሰውን የሚያሳምሙ ናቸው። ሪኬትሲያ አፍሪኬ የሚባለው መዥገር የነከሰውን ሰው ትኩሳት፥ ራስ ምታትና በተነከሰው ስፍራ ላይ ጥቁር ቅርፊት ያለው ቍስል ያወጣበታል። ኮክሲየላ በርኔቲ የሚባለው ደግሞ ኪው ትኩሳት የተባለውን በሽታ ያመጣል፤ ይኸኛው በመዥገር ውስጥ ቢገኝም በብዛት ወደ ሰው የሚገባው ከሚወልዱ ላሞች፥ በጎችና ፍየሎች ፈሳሽ የሚነሣውን ብናኝ በመተንፈስ ነው።

ሦስተኞቹ ማንንም የማይጐዱ የመዥገሩ ቤተ ሰቦች ናቸው። መዥገር ከደም በቀር ሌላ ምግብ የለውም፤ ደም ደግሞ ቢ የሚባሉት ቪታሚኖች ይጐድሉታል። ስለዚህ እነዚህን ቪታሚኖች የሚሠሩለት ባክቴሪያዎች በሆድ ዕቃው ውስጥ ይኖራሉ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ የኮክሲየላ በርኔቲ የቅርብ ዘመዶች ናቸው። ወዳጅና ጠላት በአንድ ቤት ውስጥ በአንድ የቤተ ሰብ ስም መጠራታቸው የስሕተት ሁሉ መነሻ መሆኑን ወደ ፊት እናያለን።

3ኛ፤ የዲ.ኤን.ኤ. ንባብ ምን ማለት እንደ ሆነ

ዲ.ኤን.ኤ. ማለት ሕይወት ያለው ፍጥረት ሁሉ ጠባዩና አካሉ የተጻፈበት የዘር ጽሑፍ ነው። ስሙ ባዕድ ነው ብሎ የሚሠቀቅ ሰው ቢኖር የካዛንቺስን ስም ያስታውስ፤ ይህ ስም በኢጣልያ ወረራ ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት መጠሪያ የመጣ ሲሆን ዛሬ የራሳችን ሆኗል። የእኛ ፊደል ከነእርባታው ከ200 በላይ ነው፤ የዚህ የዘር ጽሑፍ ፊደላት ግን ኤ፥ ቲ፥ ሲ፥ ጂ የሚባሉት 4ቱ ብቻ ናቸው። ፊደላቱ ጥቂት ቢሆኑም ጽሑፉ እጅግ ረዥም ነው። የአንድ ሪኬትሲያ ጽሑፍ ከ1 ሚሊዮን ፊደል ይበልጣል። የመዥገሩ ግን በአንዳንድ ዝርያ ከ2 ቢሊዮን ያልፋል።

መሣሪያዎቹ ይህን ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ትንፋሽ የሚያነቡት አይደለም። በቍራጭ በቍራጭ ያነቡታል፤ በኋላም ቍራጮቹ እንደ ገና ይገጣጠማሉ። አንድ የብራና ዳዊት በብዙ ሺህ ቍራጭ ቢቀደድና ቍራጮቹን ደርድሩ ብንባል የሚገጥመንን እናስብ። ቍራጩ ገጽ ሙሉ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። ቍራጩ ሁለት ቃል ብቻ የያዘ ከሆነ ግን፥ ያውም በ135ኛው መዝሙር ውስጥ በየቍጥሩ መጨረሻ የሚመላለሰው ቃል ከሆነ፥ ከየትኛው ቍጥር እንደ ተቀደደ የትኛውም መሪጌታ ሊያውቅ አይችልም። በመሣሪያዎቹ መካከል ያለው ዋናው ልዩነት ይኸው የቍራጩ ርዝመት፥ የንባቡ ጥራትና የሚጠይቀው ወጪ ነው።

4ኛ፤ ስለ መሣሪያዎቹ ዓይነት

ሀ) ከሁሉ በፊት፥ ዲ.ኤን.ኤ. ማንበብ የማያስፈልግበት ጊዜ መኖሩን ማወቅ ይገባል። ጥያቄው «በዚህ ወረዳ መዥገር ውስጥ አናፕላዝማ አለ ወይስ የለም?» የሚል ብቻ ከሆነ፥ ፒ.ሲ.አር. የሚባለው ምርመራ ይበቃል። ይህ ምርመራ የሚፈለገውን አንድ ክፍል ብቻ ለይቶ የሚያባዛ ነው፤ በብዙ ላቦራቶሪም ይገኛል። የመዥገሩንም ወገን በአጕሊ መነጽር መለየት ይቻላል። ለዚህ ታላቅ መሣሪያ ማዘዝ ለአንዲት ደብዳቤ ማተሚያ ቤት እንደ መትከል ያለ ነው።

ለ) ሳንገር። ይህን ንባብ እንግሊዛዊው ሊቅ ፍሬድሪክ ሳንገር በፈረንጅ ዘመን በ1977 አወጣው፤ በ1980ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለበት። በአንድ ጊዜ አንድ ቍራጭ፥ ከ700 እስከ 900 ፊደል ያህል፥ በታላቅ ጥራት ያነባል። በፒ.ሲ.አር. የተባዛ አንድ ዘረ መል በእጃችን ካለና «ይህ የየትኛው ባክቴሪያ ነው?» ብለን ብንጠይቅ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ጕድለቱ ድብልቅን አለመቻሉ ነው። ሁለት ዲያቆናት ሁለት የተለያየ ምንባብ በአንድ ጊዜ ቢያነቡ አድማጭ የአንዳቸውንም እንደማይሰማ፥ ሳንገርም በድብልቅ ላይ የሚሰጠው ንባብ የተምታታ ነው።

ሐ) ኢሉሚና። ይህ አጫጭር ቍራጮችን በሚሊዮን እየቈጠረ በአንድ ጊዜ ያነባል። ለዚህ ሥራ በብዛት በሚሠራበት ዓይነት የአንዱ ቍራጭ ንባብ ከየጫፉ እስከ 300 ፊደል ነው። በሺህ ፊደል ውስጥ የሚገኘው ስሕተት ብዙውን ጊዜ ከአንድ አይበልጥም። «በመዥገሩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ሁሉ እነማን ናቸው?» ለሚል የሕዝብ ቈጠራ ዓይነት ጥያቄ የተስማማ ነው። ይህ ቈጠራ ዘወትር የሚደረገው ባክቴሪያ ሁሉ ባለው 16 ኤስ በሚባል ዘረ መል ነው፤ ርዝመቱ 1,500 ፊደል ያህል ሲሆን መሣሪያው የሚያነበው ከፊሉን ብቻ ነው። ስለዚህ የቤተ ሰቡን ስም ይነግራል እንጂ የግለሰቡን ስም ብዙ ጊዜ አይለይም። ብዙ ናሙና በአንድነት ካልተጫነበትም ወጪው ይበዛል።

መ) ናኖፖር። በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ የተሠራ ነው። የዘሩን ክር እጅግ በጠበበ ቀዳዳ እያሳለፈ፥ በማለፉ የሚለዋወጠውን የኤሌክትሪክ ኀይል እየለካ ፊደሉን ያውቃል። ሚናዮን የተባለው ትንሹ መሣሪያ በፈረንጅ ዘመን በ2014 ለመጀመሪያ ተጠቃሚዎች የተሰጠ ሲሆን፥ ክብደቱ 100 ግራም ያህል ነው፤ ከኮምፒዩተር ጋር ተያይዞ ይሠራል። በ2015 በጊኒ የኢቦላ ወረርሽኝ ጊዜ በሻንጣ ተወስዶ በዚያው አገር ሥራ ላይ ውሏል። የሚያነበው ቍራጭ በሺህና በዐሥር ሺህ ፊደል የሚቈጠር ስለ ሆነ፥ 16 ኤስን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ጊዜ ያነባል። ሲጀመር ስሕተቱ ብዙ ነበር፤ በኋላ በወጡት ዓይነቶች ግን እጅግ ቀንሷል። የመግዣው ዋጋ ከሌሎቹ ዝቅ ያለ በመሆኑ ብዙ ሰው ይጓጓለታል። ነገር ግን ንባቡ የሚደረግበት አላቂ ዕቃ ከውጭ አገር የሚመጣ፥ በቅዝቃዜ የሚጠበቅና ከጥቂት ወራት በላይ የማይቈይ ነው። በጕምሩክ የዘገየ ወይም መብራት በጠፋበት ማቀዝቀዣ የሰነበተ ዕቃ ዋጋው ተከፍሎ ንባብ ሳይሰጥ ይቀራል።

ሠ) ፓክባዮ። ይህም ረዥም ቍራጭ ያነባል፤ ያንኑ ቍራጭ እንደ ቀለበት አድርጎ ደጋግሞ ስለሚያነበው ጥራቱ ከፍ ያለ ነው። የአንድን ባክቴሪያ ሙሉ ጽሑፍ ያለ ክፍተት ለማግኘት ይመረጣል። ዋጋው ከባድ ስለ ሆነና ብዙ የጠራ ዲ.ኤን.ኤ. ስለሚፈልግ ለወረዳ ወይም ለዞን የሚታሰብ አይደለም፤ ጥቂትና የተመረጠ ናሙና ወደ ማዕከል የሚላክበት ነው።

5ኛ፤ ከአገራችን የተገኙ ሁለት ምስክሮች

የዚህ ነገር ጥቅም በሩቅ አገር ምሳሌ ብቻ እንዳይታይ ሁለት ነገር እንጥቀስ።

በፈረንጅ ዘመን በ1966 በኢትዮጵያ ከከብት ላይ ከተነቀለ አምብሊዮማ ቫሪየጋቱም ከሚባል መዥገር አንድ ሪኬትሲያ ተለይቶ ወጣ። በዚያ ጊዜ የዘር ፊደል የሚነበብበት መንገድ ገና ስላልነበረ፥ ትክክለኛ ቦታው አልታወቀም። ሪኬትሲያ አፍሪኬ የሚለው ስም ለዚህ ወገን በደንብ የተሰጠው በ1996 ነው። የዚያው ከኢትዮጵያ የወጣው ባክቴሪያ ሙሉ የዘር ጽሑፍ ተነቦ የታተመው ደግሞ በ2009 ሲሆን፥ 1 ሚሊዮን 280 ሺህ ፊደል ያህል ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ከመዥገሩ መነቀል እስከ ጽሑፉ መነበብ 43 ዓመት አለፈ። ይህ ሁሉ ጊዜ ሲያልፍ ናሙናው ባይጠበቅና መነሻው ባይመዘገብ ኖሮ፥ አዲሱ መሣሪያ ሲመጣ የሚያነበው ነገር ባልተገኘም ነበር።

ሁለተኛው የግርሻ ነገር ነው። ግርሻ በልብስ ቅማል የሚተላለፍ፥ ለቆ የሚመለስ ትኩሳት ነው። በአዲስ አበባ ሰው ተጣቦ በሚያድርበት፥ መጠለያና የልብስ ማጠቢያ ውኃ በሌለበት ሁሉ ድኻውን ሲፈጅ የኖረ በሽታ ነው፤ የቂርቆስና የካዛንቺስ አሮጌ ሠፈሮችም ይህን መጣበብ ያውቁታል። ባክቴሪያው ቦሬሊያ ረከረንቲስ ይባላል። በፈረንጅ ዘመን በ2008 ሊቃውንት ከኢትዮጵያ በሽተኛ የተገኘውን ይህን ባክቴሪያ፥ በታንዛንያ በመዥገር ከሚተላለፈው ከቦሬሊያ ዱቶኒ ጋር ሙሉ ጽሑፋቸውን አንብበው አስተያዩ። የሁለቱም ዋና ክር እያንዳንዱ 931 ሺህ ፊደል ያህል ሲሆን እጅግ ይመሳሰላል። ልዩነቱ ፕላስሚድ በሚባሉት ትንንሽ ተጨማሪ ክሮች ላይ ነው፤ የመዥገሩ 16 ሲኖሩት የቅማሉ 7 ብቻ ናቸው። ስለዚህ የግርሻው ባክቴሪያ ከመዥገሩ ባክቴሪያ ወገን ወጥቶ፥ በቅማል መኖር ሲጀምር ብዙ ጽሑፉን የጣለ መሆኑ ታወቀ።

ይህ የሚያስተምረን ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፥ የመዥገርና የቅማል በሽታ ተለያይተው የሚታዩ ቢሆንም ዘመዳሞች ስለ ሆኑ፥ የእንስሳት ሐኪምና የሰው ሐኪም ተራርቀው መሥራት አይገባቸውም። ሁለተኛ፥ 16 ኤስን ብቻ ያነበበ ሰው ይህን ሁሉ ልዩነት ባላየውም ነበር። እንደነዚህ ያሉ እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉ ክሮች የሚለዩት በረዥም ቍራጭ ነው፤ የዳዊቱን ምሳሌ ያስታውሷል።

6ኛ፤ ሰው የሚሳሳትባቸው ሦስት ነገሮች

የመጀመሪያው የመዥገሩ ብዛት ነው። ሁሉም በአንድነት ተፈጭቶ ቢነበብ፥ የመዥገሩና የጠጣው የከብት ደም ጽሑፍ የባክቴሪያውን ይውጠዋል። በብዙ ሺህ ገጽ መካከል አንድ ገጽ እንደ መፈለግ ነው። ስለዚህ ወይ አስቀድሞ የባክቴሪያውን ክፍል ማባዛት፥ ወይም እጅግ ብዙ ቍራጭ ለማንበብ መክፈል ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የስም መመሳሰል ነው። በኢሉሚና አጭር የ16 ኤስ ንባብ ተደርጎ «በዚህ ወረዳ ከ10 መዥገር በ9ኙ ኮክሲየላ ተገኘ» የሚል ወረቀት ለአንድ ሹም ቢደርሰው ምን ያደርጋል? ኪው ትኩሳት ገባ ብሎ ገበያ ይዘጋል፤ ወተት እንዳይሸጥ ያዛል፤ ድኻው የሚኖርበት ከብት ከዋጋ በታች ይሸጣል። የተገኘው ግን ቪታሚን የሚሠራው ጉዳት የሌለው የመዥገሩ ባልንጀራ ሊሆን ይችላል። እንደዚሁም የሪኬትሲያ ወገኖች በ16 ኤስ በጣም ስለሚመሳሰሉ፥ ጂ.ኤል.ቲ.ኤ. እና ኦ.ኤም.ፒ.ኤ. በሚባሉት ዘረ መሎች በሳንገር መለየት ይገባቸዋል። በአጭር ንባብ የተሰጠ የቤተ ሰብ ስም ለትእዛዝ አይበቃም፤ ፍርድ በአንድ ምስክር እንደማይጸና ይህም በሁለተኛ ምርመራ መጽናት አለበት።

ሦስተኛው እንግዳ ባክቴሪያ ነው። በሰው እጅ፥ በውኃ፥ በላቦራቶሪው መድኃኒት ውስጥ እንኳ ባክቴሪያ አለ። የመዥገሩ ባክቴሪያ ጥቂት በሆነ ጊዜ ይህ እንግዳ በዝቶ ይታያል። ስለዚህ መዥገሩ ከመፈጨቱ በፊት ውጩ ይታጠባል፤ መዥገር ያልገባበት ባዶ ብልቃጥም ከሌሎቹ ጋር እኩል ይመረመራል። በባዶው ብልቃጥ የተገኘ ሁሉ በመዥገሩ ላይ አይቈጠርም። የባዶ ብልቃጥ ውጤት የሌለበት ሪፖርት ቢመጣላችሁ ለምን እንደ ጐደለ ጠይቁ።

7ኛ፤ ከሹማምንትና ከባለ ከብቶች የሚፈለግ ነገር

መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ ነው። ናሙናው ግን የሚነሣው ከእናንተ ወረዳ ነውና ከዚህ በታች ያለውን አደራ እንላለን።

የመጀመሪያው ጥያቄውን አስቀድሞ በጽሑፍ መወሰን ነው። «አለ ወይስ የለም» ከሆነ ፒ.ሲ.አር.፤ «ይህ አንዱ ማን ነው» ከሆነ ሳንገር፤ «ሁሉም እነማን ናቸው» ከሆነ ኢሉሚና ወይም በናኖፖር ሙሉ የ16 ኤስ ንባብ፤ «ይህ ባክቴሪያ ከየት መጣ፥ ከሌላው አገር ባክቴሪያስ በምን ይለያል» ከሆነ በረዥም ቍራጭ የሚደረግ ሙሉ ንባብ ይታዘዛል።

ሁለተኛው መዥገሩን በጣት ሳይሆን በወረንጦ፥ ከቆዳው አጠገብ ይዞ፥ ቀጥ አድርጎ መንቀል ነው። አይፈርጥም፤ በእሳትም አይነካም። ከእያንዳንዱ ከብት የተነቀለው በየብልቃጡ ለየብቻ ይቀመጥ። የሚጠበቅበት አልኮል 70 እጅ ወይም ከዚያ በላይ የጠነከረ ይሁን፤ የጠላ ቤት አረቄ ለዚህ አይበቃም።

ሦስተኛው ጽሕፈቱ ነው። የከብቱ ዓይነት፥ የመጣበት ወረዳና ቀበሌ፥ የተነቀለበት የሰውነት ክፍልና ቀኑ በእርሳስ ተጽፎ በብልቃጡ ውስጥ ይግባ። በእርሳስ የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዓመታት በፊት አንድ ሣጥን ሙሉ የመዥገር ብልቃጥ በእጄ ደርሶኝ ለመመዝገብ ብከፍተው፥ ስሙ ሁሉ በብዕር ቀለም ተጽፎ ስለ ነበር በፈሰሰው አልኮል ታጥቦ አገኘሁት። መዥገሮቹ ደኅና ነበሩ። ነገር ግን የማን ከብት፥ የየት አገር እንደ ሆኑ የሚያውቅ ጠፋ። ልከው የነበሩት ሰዎች ስንት ቀን በእግራቸው ተጉዘው የሰበሰቡት ልፋት በአንድ ብዕር ምክንያት ከንቱ ሆነ። የዓለም መሣሪያ ሁሉ ቢሰበሰብ ያንን የጠፋ ስም ሊያነብ አይችልም።

አራተኛው የሚላክበትን ስፍራ ማወቅ ነው። የእንስሳት ነገር በሰበታ ወዳለው ወደ እንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት፥ የሰው ሕመም ነገር ወደ ኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይቀርባል። ከኮቪድ ወረርሽኝ ወዲህ የዘር ጽሑፍ የሚያነቡ መሣሪያዎች በአዲስ አበባ የምርምር ተቋሞች ሥራ ላይ ውለዋል። ዋና መሥሪያ ቤቱ በዚሁ ከተማ የሆነው የአፍሪካ የበሽታ መከላከያና መቈጣጠሪያ ማዕከልም በፈረንጅ ዘመን በ2020 የበሽታ ተሕዋስያንን የዘር ጽሑፍ የማንበብ ሥራ ለአህጕሩ ሁሉ አቋቁሟል። ስለዚህ እያንዳንዱ ዞን የየራሱን መሣሪያ ከመግዛቱ በፊት ያለውን መጠየቅ ይገባል። መግዛት የግድ ከሆነም የመሣሪያው ዋጋ ብቻ ሳይሆን የአላቂው ዕቃ፥ የማቀዝቀዣው፥ የመብራቱ፥ የኮምፒዩተሩና ንባቡን የሚተረጕመው ባለሙያ ደመወዝ ለብዙ ዓመት ተሰልቶ ይያዝ።

አምስተኛው የሕግ ነገር ነው። ናሙና ወደ ውጭ አገር ይላክ የተባለ እንደ ሆነ፥ በ1998 ዓ.ም. ስለ ጄኔቲክ ሀብት አርክቦትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት የወጣው አዋጅ ቍጥር 482 ሳይታይ፥ ያለ ፈቃድና ያለ ስምምነት አንድም ብልቃጥ እንዳይወጣ። ከኢትዮጵያ መዥገር የሚገኘው ዕውቀት የኢትዮጵያም ሀብት ነውና።

ስድስተኛው የሰው ነገር ነው። መዥገር ከነከሰው በኋላ ትኩሳት ያደረበት ወይም ጥቁር ቅርፊት ያለው ቍስል የወጣበት ሰው የዲ.ኤን.ኤ. ንባብ እስኪመጣ መቈየት የለበትም። ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ መዥገር የነከሰው መሆኑንም ለሐኪሙ ይንገር። ለሪኬትሲያ በሽታ መድኃኒት አለው፤ ንባቡ የሚጠቅመው ለሚመጣው ጊዜ ነው።

እንግዲህ ነገሩን ለመጠቅለል፥ ለመዥገር ባክቴሪያ ጥናት ከሁሉ የሚበልጥ አንድ መሣሪያ የለም። ለእያንዳንዱ ጥያቄ የሚስማማው ግን አለ። ከዚህ በኋላ «ይህን መሣሪያ ግዙ» የሚል ደብዳቤ ወይም ነጋዴ ሲመጣላችሁ፥ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት «ለየትኛው ጥያቄያችን መልስ ይሰጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። «ይህ በሽታ ተገኘ» የሚል ሪፖርት ሲደርሳችሁም፥ ገበያ ከመዝጋታችሁ በፊት በየትኛው መሣሪያ፥ በየትኛው ዘረ መል፥ ከባዶው ብልቃጥ ጋር ተመዝኖ እንደ ተገኘ ጠይቁ። ይህን ሁለት ጥያቄ የጠየቀ ሹም የመንግሥትን ገንዘብና የድኻውን ከብት ጠበቀ ማለት ነው።